የማኅበረሰብ ማሠራጫዎችና የመንግሥት ቁጥጥር፦ ከሕጉ እስከ ትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ

መግቢያ

«እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ በኢትዮጵያ የቆየ የአስተዳደር ልማድ መሆኑ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ገዢዎች የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ፣ በአደባባይ ከሚቀርበው ሙገሳ ይልቅ እረኛው በመስክ የሚያንጎራጉረውን ያስደምጡ ነበር። እረኛው የሚታመንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያዘዘው ወይም ቃሉን ያረመለት ሰው አልነበረም። በአንጻሩ የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ ይደርስ የነበረው በነጋሪት ነው። የአገሪቱ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ እስከ ዛሬ ድረስ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉ የዚሁ ልማድ ቅርስ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ በጫኑበት ዘመን፣ አገሪቱ በእነዚህ ሁለት መንገዶች ትነጋገር ነበር ለማለት ይቻላል። ነጋሪቱ ከላይ ወደ ታች፣ እንጉርጉሮው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

ዛሬ የነጋሪቱን ቦታ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወስደዋል። የእረኛውን ቦታ ማን ወሰደ? የሚለው ጥያቄ ግን ገና ሙሉ መልስ አላገኘም። በልዩ ልዩ አገሮች «የማኅበረሰብ ሬዲዮ»፣ «ለሕዝብ ክፍት የሆነ የቴሌቪዥን መስመር» እየተባሉ የተቋቋሙት ማሠራጫዎች ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። እነዚህ ማሠራጫዎች ሲቋቋሙ መንግሥት እስከ ምን ድረስ ሊቆጣጠራቸው ይገባል? ይህ ጽሑፍ የሌላውን አገር ልምድና የኢትዮጵያን ሕግ ባጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ ጉዳዩ በደባርቅ፣ በዳባትና በደረስጌ አካባቢ ላሉ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ምን ትርጉም እንዳለው ለማሳየት ይሞክራል።

1. የኬብል ቴሌቪዥንና የሕዝቡ ድርሻ

የኬብል ቴሌቪዥን ምስልና ድምፅን በአየር ሞገድ ሳይሆን በሽቦ አማካይነት ከአንድ ማዕከል ወደ የቤቱ የሚያደርስ ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ በአየር ሞገድ፣ በኋላም በሳተላይት ሲሠራጭ ስለ ኖረ፣ የኬብሉ ዘዴ አልተለመደም። በዩናይትድ ስቴትስ ግን ሰፊ ሥራ ሆኖ አድጓል።

በዚያ አገር ሽቦው የሚዘረጋው በከተማው መንገድ ሥርና በመንገድ ዳር በቆሙ ምሰሶዎች ላይ ነው። መንገዱ የሕዝብ ንብረት በመሆኑ፣ ኩባንያው ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። አስተዳደሩም በለውጡ «በሕዝብ መንገድ ስትጠቀም ለሕዝብ ድርሻ ትተዋለህ» የሚል ግዴታ ይጥልበታል። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ መስመሮች ለማናቸውም ነዋሪ፣ ለትምህርት ተቋሞችና ለአካባቢው መስተዳድር ክፍት ሆነው እንዲቀመጡ ተደረገ። በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃተን የሕዝብ መስመር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በተከታዩ ዓመት የአገሪቱ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በመቶዎቹ ትልልቅ የሥርጭት ገበያዎች የሚሠሩ የኬብል ኩባንያዎች እነዚህን መስመሮች እንዲመድቡ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ኮሚሽኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን በሕግ አልተሰጠውም ሲል ደንቡን ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የኬብል ሕግ ደግሞ የአካባቢ አስተዳደሮች መስመሮቹን እንዲጠይቁ ሥልጣን ሰጠ፤ የኬብል ኩባንያው በመስመሮቹ ላይ በሚተላለፈው ነገር የአርታኢነት ሥልጣን እንዳይኖረውም ደነገገ።

ከዚህ ልምድ ሁለት ሁኔታዎች በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ከተማ የደረሰው ነው። ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የዘረኞች ድርጅት በሕዝቡ መስመር ዝግጅት ለማቅረብ ጠየቀ። የከተማው ምክር ቤት ድርጅቱን ላለማስተናገድ ሲል የሕዝቡን መስመር በጠቅላላ ዘጋ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ምክር ቤቱም በሚቀጥለው ዓመት መስመሩን መልሶ ለመክፈት ተገደደ። እዚህ ላይ የሚስተዋለው፣ አንዱን ክፉ ተናጋሪ ለመከልከል በተወሰደው እርምጃ ምንም ያላጠፉት ሌሎች ነዋሪዎችም ድምፃቸውን ማጣታቸው ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ2019 የተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የማንሃተንን የሕዝብ መስመር የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ የግል ድርጅት፣ ድርጅቱን የሚነቅፍ ፊልም ያቀረቡ ሁለት ሰዎችን አገደ። ሰዎቹም የመናገር ነጻነታችን ተነካ ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ አስተዳዳሪው ድርጅት የመንግሥት አካል ስላልሆነ በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነጻነት ድንጋጌ አይገደድም ሲል ወሰነ። ይህም ማለት መንግሥት ራሱን ከሥራው ስላራቀ ብቻ ነጻነት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ጠባቂ የሌለው የሕዝብ በር በግል እጅም ሊዘጋ ይችላል።

2. የኢትዮጵያ ሕግ አካሄድ

የሬዲዮ ሥርጭት በኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ማሠራጫው ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ቆይቷል። ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት በመንግሥት ሹሞች እየታዩ የሚያልፉበት የቅድመ ምርመራ ሥርዓትም ነበር። ይህ ሥርዓት በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀረ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ዐይነት ቅድመ ምርመራ ከለከለ። የዚሁ አንቀጽ ንኡስ አንቀጽ 5 በተለይ ለዚህ ርእስ የቀረበ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል።

የብሮድካስት ሥራን የሚመለከተው የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 178/1991 ነው፤ ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በዚሁ ተቋቋመ። እርሱን የተካው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 አገልግሎቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለው። የማኅበረሰብ ብሮድካስት ሲባል፣ በአንድ አካባቢ የሚኖር ወይም የጋራ ጥቅም ያለው ማኅበረሰብ በራሱ ፈቃድና ፍላጎት የሚያካሂደው ለትርፍ ያልቆመ የሬዲዮ አገልግሎት ማለት ነበር። የፖለቲካ ድርጅቶች ፈቃድ እንዳይሰጣቸውም ሕጉ ከለከለ። ከዚህ በኋላ በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በከምባታ፣ በዋግ ኽምራና በሌሎችም ቦታዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ለሰሜን ተራሮች አካባቢ የቅርብ ምሳሌ የሚሆነው የዋግ ኽምራው ነው። ከተከዜ ማዶ በሰቆጣ ተቋቁሞ፣ የኽምጣና ቋንቋ ተናጋሪው ሕዝብ የራሱን ጉዳይ በራሱ ቋንቋ እንዲሰማ አስችሏል።

በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲወጣ የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኖ ተቋቋመ፤ ሥራውን በበላይነት የሚመራ ቦርድም ተደረገለት። በ2017 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻሻል ግን ከቦርዱ ሥልጣኖች አንዳንዶቹ ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ተዛውረዋል። ማሻሻያው ክርክር አስነሥቷል። ደጋፊዎቹ ሥራውን ያቀላጥፋል ሲሉ፣ ተቺዎቹ የተቆጣጣሪውን ነጻነት ያሳንሳል ብለዋል። የዕቅድ ባለሙያ ከዚህ ሊገነዘበው የሚገባው ነገር አለ። የቁጥጥር ሕግ ሲመዘን ምን እንደ ተከለከለ ብቻ ሳይሆን፣ የሚከለክለው አካል ማን እንደሆነና ለማን መልስ እንደሚሰጥም መታየት አለበት።

3. ሁለት ዐይነት ቁጥጥር

ከላይ ከተገለጸው እንደሚታየው፣ «ቁጥጥር» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠቃለላሉ። አንደኛው በርን መጠበቅ ሊባል ይችላል። ፈቃዱ ለማን እንደ ተሰጠ፣ የአየር ሰዓቱ በተራና ያለ አድልዎ መከፋፈሉን፣ ገንዘቡ ከየት ገብቶ በምን ላይ እንደ ዋለ፣ ጣቢያው በአንድ ሀብታም ወይም በአንድ ድርጅት እጅ አለመውደቁን መከታተል ነው። ሁለተኛው አፍን መጠበቅ ነው። ይህም ተናጋሪው ምን እንደሚል አስቀድሞ መርምሮ የማይወዱትን ማስቀረት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቁጥጥር ለማኅበረሰብ ማሠራጫ ሕልውና ያስፈልጋል። የሬዲዮ ሞገድ ውስን የሕዝብ ሀብት ስለሆነ፣ የሚያከፋፍልና ድርሻን የሚያስከብር አካል ከሌለ ጉልበተኛው ይወስደዋል። ሁለተኛው ግን ማሠራጫው የተቋቋመበትን ምክንያት ያጠፋል። እረኛው ከማንጎራጎሩ በፊት ግጥሙን ለሹሙ አሳይ ቢባል፣ ሹሙ የሚሰማው የገዛ ራሱን ድምፅ ነው። እንጉርጉሮው እንደ ቀድሞው ይቀጥል ይሆናል፤ ይዞት የሚመጣው ወሬ ግን አይኖርም። ስለሆነም ቅድመ ምርመራ የተናጋሪውን መብት ከመንካቱም በላይ መንግሥትን ራሱን መስማት የተሳነው ያደርገዋል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ክፉ ቃል አገር ያጠፋል፤ ሩዋንዳን ማየት ይበቃል ይባላል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ የጀመረው የ«ሚል ኮሊን» ነጻ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ጊዜ ሕዝብን ለግድያ ቀስቅሷል፤ ከጣቢያው መሪዎችም በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቀርበው የተፈረደባቸው አሉ። ይሁን እንጂ ያ ጣቢያ የተቋቋመው በሥልጣን ላይ ከነበሩት ሰዎች ጋር በቅርብ በተሳሰሩ ግለሰቦች ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ተሰዳቢው መልስ የሚሰጥበት ሰዓት አልተመደበለትም። በጊዜው ተጠያቂ ያደረገው አካልም አልነበረም። ስለዚህ ከሩዋንዳ የሚወሰደው ትምህርት የበር ጥበቃው እንዲጠነክር፣ ወንጀል የሆነ ቃል ከተነገረም በኋላ በሕግ እንዲጠየቅ የሚያሳስብ ነው። በኢትዮጵያም ለዚሁ ጉዳይ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ከተነገረ በኋላ በግልጽ ሕግ መጠየቅና ሳይነገር በሹም ፈቃድ መከልከል እንደ አንድ ነገር ሊታዩ አይገባም።

4. ጉዳዩ በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ደባርቅና ዳባት ከጎንደር ወደ አክሱም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ደረስጌ በጃናሞራ በኩል ከአውራ ጎዳናው ርቃ ትገኛለች። በዙሪያው ያለው አገር ራስ ደጀንን ጨምሮ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች የሚገኙበት፣ በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ነው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ይከልለዋል። በመሆኑም በደባርቅ ወይም በዳባት ጣቢያ ቢተከል፣ በካርታ ላይ አንድ ዞን ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል ይሰሙታል ማለት አይቻልም። አንዱ ቀበሌ አጥርቶ ሲሰማ፣ የገደሉ ሥር ቀበሌ ምንም ላይሰማ ይችላል። ዕቅድ አውጪው «ማኅበረሰቡ» ሲል የትኛውን ማኅበረሰብ ማለቱ እንደሆነ በቦታው ተገኝቶ መመርመር ይገባዋል። አስተላላፊ መሣሪያ የሚተከልበትን ከፍተኛ ቦታ መምረጥም የምሕንድስና ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

አካባቢው ሊነጋገርባቸው የሚገቡ የራሱ ጉዳዮች አሉት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ በግጦሽ፣ በእርሻና በዱር አራዊት ጥበቃ መካከል ያለው ጥያቄ አልተቋረጠም። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ወደ ደባርቅ ተዛውሮ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ ገብስ ያበቅልና ከብት ያረባ የነበረው ገበሬ በከተማ ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በፓርኩ የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ተረባርቧል፤ ከውጭ አገርም እርዳታ መጥቷል። እነዚህ ጉዳዮች በአዲስ አበባ የዜና ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ይነሡ ይሆናል። ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለጃናሞራ ሰው ግን የየዕለት ኑሮ ናቸው።

መምህራን የአንድ አቅጣጫ ሥርጭት ምን እንደሚመስል ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጨው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ በመላ አገሪቱ ላሉ ተማሪዎች ተመሳሳይ ትምህርት ለማዳረስ ታስቦ ነበር። ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ሲያልፍ መምህሩ ሊያስቆመው ወይም ሊያስደግመው አይችልም ነበር፤ ተማሪውም የሚጠይቀው ሰው በመስተዋቱ ውስጥ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቢሰጥም፣ መሣሪያውም ሞገዱም ያልደረሰው የገጠር ልጅ ከጥቅሙ ውጭ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወላጅ የሚፈልገው በአቅራቢያው የሚገኝ፣ የሚያምነውና መልሶ ሊጠይቀው የሚችለው ድምፅ ነው። እምነት ደግሞ በችግር ቀን በትእዛዝ አይመጣም፤ በሰላሙ ጊዜ ሲለመድ የኖረ መሆን አለበት።

5. የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ

ለአብዛኛው መምህር የማኅበረሰብ ማሠራጫ ሩቅ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ትንሹ የማኅበረሰብ ማሠራጫ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም የሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ዜና፣ ግጥም፣ ማስታወቂያና ምክር ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ድምፅ ማጉያው ሞገዱ፣ ተማሪው ማኅበረሰቡ፣ ክበቡን የሚመራው መምህር ደግሞ ተቆጣጣሪው ነው። ከላይ የተነሣው ጥያቄ ሁሉ በዚህ ግቢ በትንሹ ይገኛል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መዝጊያ እንደ ሌለው፣ በዚህም ምክንያት አንዳንድ ልጃገረዶች ከትምህርት ገበታ እንደሚቀሩ የሚገልጽ ጽሑፍ ለማንበብ ብትጠይቅ መምህሩ ምን ያደርጋል? ጽሑፉን አይቶ የቃላት ግድፈት ቢያርም፣ «ስንት ልጆች እንደ ቀሩ ጠይቀሽ አረጋግጪ» ቢላት፣ የማንንም ልጅ ስም እንዳትጠራ ቢመክራት፣ ሥራው ማስተማር ነው። «ይህ ርእሰ መምህሩን ያሳፍራል፤ ይልቅ ስለ ንጽሕና ጥቅም ጻፊ» ቢላት ግን አፍን ጠበቀ ማለት ነው። በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ ሁለት ነገር ያጣል። የበሩን ችግር ሳያውቅ ይቀራል፤ ልጅቱም መናገር እንደማይጠቅም ትማራለች። ይህ ሁለተኛው ትምህርት በየትኛውም የትምህርት መርሐ ግብር ላይ ባይጻፍም፣ ከተጻፉት ብዙዎቹ ይልቅ በልብ ይቀመጣል።

ተማሪዎች ልጆች ናቸውና የመምህሩ ኃላፊነት ከመንግሥት ተቆጣጣሪ የሰፋ መሆኑ አይካድም። ስለዚህ ክበቡ በመምህሩ የዕለት ስሜት ሳይሆን በታወቀ ደንብ ቢመራ ይመረጣል። ደንቡም የሚከተሉትን ቢይዝ መልካም ነው።

ሀ/ የተራ መዝገብ ይኑር። ማንኛውም ተማሪ በተመዘገበበት ቅደም ተከተል እንዲናገር ይደረግ፤ ሴቶች ልጆች፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡና የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ድርሻቸውን ማግኘታቸው በየወሩ ይታይ።

ለ/ ክልከላዎቹ ጥቂትና የተጻፉ ይሁኑ። ስድብ፣ ጎሣንና ሃይማኖትን የሚያዋርድ ቃል፣ የሌላ ልጅ የግል ምስጢር አይነገርም። በእነዚህ ያልተካተተ ርእስ ደስ ባለማሰኘቱ ብቻ አይከለከልም።

ሐ/ መምህሩ የሚያርመው ቋንቋንና መረጃን እንጂ አሳብን አይሁን። ጽሑፍ ሲከለከልም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ።

መ/ የመልስ መብት ይጠበቅ። የተነቀፈው ተማሪ፣ መምህር ወይም ኮሚቴ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መልስ ይስጥ።

ሠ/ የተነበበው ጽሑፍ ይቀመጥ። ቅሬታ ሲነሣ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ጽሑፉን አይቶ ይወስን፤ ክበቡን በጠቅላላ መዝጋት ግን እንደ ቅጣት አይወሰድ።

እነዚህ አምስት ነጥቦች አዲስ ፈጠራ አይደሉም። የማኅበረሰብ ማሠራጫ በሠመረባቸው አገሮች የተሠራባቸው መርሖች በትምህርት ቤት መጠን ሲቀነሱ የሚሰጡት መልክ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የሕዝብ መስመር የአየር ሰዓት ለቀደመ ጠያቂ ያለ አድልዎ እንዲሰጥ ደንቡ ያዝዛል፤ የተራ መዝገቡ ከዚያ የተለየ አሠራር የለውም። የመጨረሻው ነጥብም የካንሳስ ከተማው ስሕተት በግቢው እንዳይደገም የሚጠብቅ ነው። በእንዲህ ያለ ክበብ ያደገ ተማሪ ነገ በአካባቢው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ቢቋቋም፣ እንዴት በኃላፊነት እንደሚናገር፣ ስሕተቱንም እንዴት እንደሚያርም አስቀድሞ የተለማመደ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የማኅበረሰብ ማሠራጫ ያለ ቁጥጥር ይኑር ማለት በሩን ለጉልበተኛው መተው ነው። የሚነገረው ሁሉ አስቀድሞ ይመርመር ማለት ደግሞ ማሠራጫውን ከመክፈት በፊት መዝጋት ነው። ተቆጣጣሪው ተራን፣ ድርሻን፣ ገንዘብንና የመልስ መብትን ይጠብቅ፤ የወንጀል ቃል ከተነገረ በኋላ በሕግ ይጠየቅበት፤ የቀረውን ለተናጋሪውና ለሰሚው ይተው። የዕቅድ ባለሙያዎች በተራሮቹ አካባቢ ስለሚቋቋም ማሠራጫ ሲያስቡ፣ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የመተዳደሪያ ደንቡንና የሞገዱን ድርሻ አብረው ሊያጠኑ ይገባል። መምህራን ግን የጣቢያ መቋቋምን ሳይጠብቁ ሥራውን በግቢያቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ የተራ መዝገብ፣ የተጻፈ ደንብና ልጆቹ የሚሉትን እስከ መጨረሻው ለማዳመጥ መፍቀድ ነው።